ከኩላሊት ንቅለ ተከላ በኋላ የክሬአቲኒን ውጤት መዋዠቅ፤ በድሬዳዋ ሁኔታ ሲታይ



የኩላሊት ንቅለ ተከላ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው እ.ኤ.አ. በ1954 በቦስተን ከተማ ሲሆን፣ ሰጪውና ተቀባዩ መንትያ ወንድማማቾች ነበሩ። በኢትዮጵያም ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር፣ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀመረ። በዚያም ኩላሊት የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ስለዚህ በሽተኛው ወደ ድሬዳዋ ሲመለስ የወንድሙን ወይም የእኅቱን አካል ይዞ ይመጣል፤ ያ ኩላሊት ቢበላሽ ሌላ ሰጪ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው።

ቀዶ ሕክምናው በአዲስ አበባ ቢፈጸምም ጥበቃው ለብዙ ወራት ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ክሬአቲኒን በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር በየሳምንቱ፣ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያም እስከ ዓመቱ መጨረሻ በየወሩ እንዲለካ ይመክራል። ለዚህ ሁሉ ምርመራ አዲስ አበባ መመላለስ ስለማይቻል፣ ከፊሉ ኃላፊነት በከተማው ሐኪምና ላቦራቶሪ ላይ ይወድቃል።

በእነዚህ ወራት ቁጥሩ አንድ ቦታ አይረጋም። 1.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር የነበረው ውጤት በሳምንቱ 1.4፣ ቀጥሎም 1.3 ሊሆን ይችላል። የሁለት ላቦራቶሪዎች የአለካክ ዘዴ መለያየት፣ ወይም ከምርመራው በፊት የተበላ ብዙ ሥጋ ውጤቱን ይለውጠዋል። ለኢንፌክሽን መከላከያ የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞልም ክሬአቲኒን በሽንት እንዳይወጣ በከፊል ስለሚያግድ፣ ኩላሊቱ ሳይጎዳ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ከዚህም በላይ 1.2 ሚሊግራም በዴሲሊትርና 106 ማይክሮሞል በሊትር አንድ መሆናቸውን ያልተረዳ በሽተኛ በከንቱ ሊደነግጥ ይችላል።

ድሬዳዋ ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት። በሽተኛው ከአዲስ አበባ ደጋ ወጥቶ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወዳለች ሞቃት ከተማ ይወርዳል፤ በላብም ብዙ ውኃ ያጣል። የሰውነትን መከላከያ ኃይል የሚያለዝበው ታክሮሊመስ የኩላሊቱን የደም ሥሮች ስለሚያጠብ፣ የውኃ ማነስ በዚህ በሽተኛ ላይ ይበረታል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2013 የዴንጊ፣ በ2019 የቺኩንጉንያ፣ በ2022 የወባ ወረርሽኝ አይታለች። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለትኩሳትና ለቁርጥማት ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ዲክሎፌናክ ወይም ኢቡፕሮፌን በኩላሊቱ ላይ ሌላ ጉዳት ይጨምራል።

ይሁን እንጂ «ሙቀቱ ነው» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ እውነት ቢሆንም አደገኛ ነው። ሰውነት ኩላሊቱን መቃወም ሲጀምር ሕመምም ትኩሳትም ላይኖር ይችላል፤ ምልክቱ የክሬአቲኒን መጨመር ብቻ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። የሽንት ቧንቧ መዘጋትና ቢኬ የተባለው ቫይረስም በዚያው ቁጥር ይገለጣሉ።

የታክሮሊመስ መጠን ምርመራም ጥንቃቄ ይሻል። ደሙ የሚቀዳው ከማታው መድኃኒት 12 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ የጧቱ ሳይወሰድ ነው። በሽተኛው አስቀድሞ ከዋጠ ውጤቱ ያለአግባብ ከፍ ይላል፤ ሐኪሙም ያንን አይቶ መድኃኒቱን ቢቀንስ ኩላሊቱን ለጥቃት ያጋልጠዋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን መጠኑን በእጅጉ ያወርዳል፤ ኤሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲንና ፍሉኮናዞል ግን ያወጡታል። ተቅማጥም ውኃ ከማሳጣቱ በላይ መጠኑን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

ስለሆነም ውጤቱ ከበሽተኛው የተለመደ ቁጥር 20 በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሲጨምር፣ የጎደለው ውኃ ተተክቶ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ በዚያው ላቦራቶሪ ይደገማል። ካልወረደ በዚያው ዕለት ለንቅለ ተከላው ማዕከል ይነገራል፤ የአልትራሳውንድና የናሙና ምርመራ አስፈላጊነትም በዚያ ይወሰናል። ሽንት ከቀነሰ፣ ትኩሳት ወይም እብጠት ከታየ ግን ድጋሚውን ምርመራ መጠበቅ አይገባም።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ በበሽተኛው እጅ የሚቆይ አንድ ደብተር ነው። ቀኑ፣ ላቦራቶሪው፣ መለኪያው፣ የሰውነት ክብደቱ፣ መድኃኒቱ የተወሰደበት ሰዓትና በዚያ ሳምንት የደረሰ ሕመም ከየውጤቱ ጎን ሊጻፉ ይገባል። ብቻውን የቆመ ቁጥር ለድንጋጤም ለመዘናጋትም በቂ ምክንያት አይሆንም፤ የቁጥሮቹ ተከታታይነት ግን ለሐኪሙ መንገድ ያሳያል።