«ሞኖጋሚ» ማለት ምን ማለት ነው? አንዴ ማግባት ወይስ አንዲት ማግባት

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም።

ምስጋና ለዓለማቱ ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ እዝነትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የዛሬውን ርዕስ ያመጣችልን አንዲት እህታችን ናት። ባለቤቷ ወደ አኼራ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ዒዳዋን ጨርሳ ልጆቿን እያሳደገች ሳለ አንድ ዲኑን ያወቀ ሰው ሽማግሌ ላከባት። የሟቹ ወንድሞች ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ኮሌጅ የገባው ትልቁ ልጇ ደግሞ፣ «እማዬ፣ የሠለጠነው ዓለም እንኳ የሚያከብረው ሞኖጋሚን ነው። አንዴ ያገባ ሰው አገባ ነው!» አላት። እሷም ወደ መስጂድ መጥታ፣ «ሼኼ፣ ይህ ቃል ምንድን ነው? ጥፋተኛ ነኝ እንዴ?» ስትል ጠየቀችኝ።

ቃሉን እኔም በተማሪነቴ ሰምቼዋለሁ። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሲጽፉት እኛ ሙስሊም ተማሪዎች እኛን ለመንካት የመጣ መስሎን ሳንመረምር ተከራከርን። የዚህች እህት ጥያቄ ግን መለስ ብዬ እንድመረምረው አስገደደኝ።

«ሞኖጋሚ» መነሻው የግሪክ ቋንቋ ነው። «ሞኖስ» ማለት አንድ ወይም ብቻ፣ «ጋሞስ» ማለት ደግሞ ጋብቻ ማለት ነው። ሁለቱ ሲጣመሩ «አንድ ጋብቻ» ይሆናሉ። አንድ ጋብቻ ሲባል ግን ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ጊዜ አንድ፣ ወይም በዕድሜ ልክ አንድ።

ዛሬ ሰው ሁሉ የሚረዳው የመጀመሪያውን ነው። በአገራችንም ስለ ኤች አይ ቪ ትምህርት ሲሰጥ «አንድ ለአንድ መወሰን» ሲባል ሰምተናል። በጥንት ጊዜ ግን የቃሉ ትርጉም ሁለተኛው ነበር። ሮማውያን በዕድሜዋ አንድ ባል ብቻ ያገባችን ሴት «ዩኒቪራ» እያሉ ያወድሷት፣ መቃብሯም ላይ ይጽፉላት ነበር። ከዚያም በሰሜን አፍሪካ፣ በዛሬይቱ ቱኒዝያ ምድር በነበረችው ካርቴጅ ይኖር የነበረው የክርስትና ጸሐፊ ተርቱሊያን በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በዚሁ ቃል የተሰየመ መጽሐፍ ጻፈ። መጽሐፉ የትዳር ጓደኛው የሞተበት ሰው ዳግመኛ ማግባት የለበትም ብሎ ይከራከራል። አብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ሰው ይህን ያህል አላጠበቀም። የቃሉ ትርጉም ግን ለረጅም ጊዜ በዚሁ ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ1766 የታተመውን የኦሊቨር ጎልድስሚዝን «የዌክፊልድ ቄስ» የተሰኘ ልብ ወለድ ብንመለከት፣ ዋናው ባለ ታሪክ የሞኖጋሚ ጥብቅ ተከራካሪ ነው። የሚሟገተው ሁለት ሚስት በአንድ ላይ ስለ መያዝ እንዳይመስላችሁ፤ ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ዳግመኛ አያግባ እያለ ነው። ሊዛመደው የነበረው ሌላው ቄስ ደግሞ አራተኛ ሚስቱን ለማግባት በዝግጅት ላይ ነበርና በክርክራቸው ምክንያት የልጆቻቸው ጋብቻ ተናጋ።

እንግዲህ ያ ወጣት ሳያውቀው የዛሬውን ቃል በጥንት ትርጉሙ ተጠቀመበት ማለት ነው። ታዲያ ኢስላም በሁለቱ ትርጉሞች ላይ ምን ይላል?

በአንድ ጊዜ አንዲት ሚስት ስለ መያዝ በአን-ኒሳእ ምዕራፍ አንቀጽ 3 ላይ ተጠቅሷል። ፈቃዱ እስከ አራት ሆኖ ሳለ በመካከላቸው ፍትሕ ማጓደልን የፈራ ሰው በአንዲት እንዲወሰን ታዟል። በዚያው ምዕራፍ አንቀጽ 129 ደግሞ የሰው ልጅ ቢጓጓም እንኳ በሴቶች መካከል ፍጹም ማስተካከል እንደማይችል ይነግረናል። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከኸዲጃ (ረ.ዐ) ጋር 25 ዓመት ያህል ሲኖሩ እሷ እስክትሞት ድረስ ሌላ ሚስት አላገቡም። ስለዚህ «ተፈቅዶልኛል» እያለ የመጀመሪያ ሚስቱንና ልጆቹን ሜዳ ላይ የሚበትን ወንድም ፈቃዱን እንጂ ቅድመ ሁኔታውን አላነበበም።

በዕድሜ ልክ አንዴ ብቻ ማግባትን ግን ኢስላም በማንም ላይ ግዴታ አላደረገም። በአል-በቀራህ ምዕራፍ አንቀጽ 234 ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳ አራት ወር ከአሥር ቀን ሆኖ ተወስኗል፤ እርጉዝ ከሆነች ደግሞ እስክትወልድ ነው። ከዚያ በኋላ በመልካም ሁኔታ ስለ ራሷ በምትወስነው ነገር ማንም ኃጢአት የለበትም። በአን-ኑር ምዕራፍ አንቀጽ 32 ላይም «አያማ» የተባሉትን እንድንድር ታዘናል። አያማ ማለት የትዳር ጓደኛ የሌላቸው ማለት ነው፤ ያላገቡትንም፣ የፈቱትንም፣ የሞተባቸውንም ያጠቃልላል። ኸዲጃም (ረ.ዐ) ብትሆን ነብያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ከማግባቷ በፊት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌም አለን። አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ከባሏ ከጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ጋር ወደ አገራችን ወደ ሐበሻ የተሰደደች ሶሐቢያ ናት፤ ልጆቿንም እዚሁ ወልዳለች። ጀዕፈር በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆነ። ከዚያ በኋላ አቡበከር (ረ.ዐ) አገባት። እሱ ሲሞት ገላውን ያጠበችው እሷ ናት። ከዚያም ዐሊይ (ረ.ዐ) አገባት። ሦስቱም ከታላላቅ ሶሐቦች ናቸው። ዳግመኛ በማግባቷ ጀዕፈርን ከዳች ያላት አልነበረም። ዐሊይም ቢሆን የጀዕፈር ወንድም ነው።

ውድ አድማጮቻችን፣ ቁርኣን ባልንም ሚስትንም «ዘውጅ» ብሎ ይጠራል፤ ከጥንዶች አንዱ ማለት ነው። ኪዳናቸውንም «ከባድ ቃል ኪዳን» ይለዋል። ኪዳኑ የሚጠበቀው በሕይወት ሳሉ በመተማመን፣ ከሞት በኋላ ደግሞ በዱዓ፣ ዕዳን በመክፈልና የቲሞችን በመንከባከብ ነው። የሟችን ሚስት ቤት ቆልፎ ማስቀመጥ ኪዳኑን መጠበቅ አይደለም።

ያ ወጣት ኋላ ከእናቱ ጋር መጣ። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «ታዲያ አባቴን ማን ያስታውሰዋል?» አለኝ። ቃሉን ያመጣው ለካ ኀዘኑ ነበር። «አንተ ነህ የምታስታውሰው» አልኩት። ሰው ሲሞት ሥራው ከሚቀጥልባቸው ሦስት ነገሮች አንዱ ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ መሆኑን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ይህ ድርሻ የእሱ ነው፤ እናቱ አገባች አላገባች ማንም አይወስድበትም። ስለ እሷ ትዳር ግን ምክር ይስጣት፣ የሚመጣውን ሰው ጠባይ ያጣራላት እንጂ በሩን አይዝጋባት። አግብታ የምታውቅ ሴት ያለ ፈቃዷ አትዳርም፤ ያለ ፈቃዷም ከትዳር አትከልከልም።

ይህን በምታዳምጡበት ቤት ውስጥ የወንድማችሁ ወይም የአባታችሁ ሚስት ብቻዋን ተቀምጣ ከሆነ፣ ዛሬ ማታ ሐሳቧን ጠይቋት። ላግባ ካለች አግዟት። አላገባም ካለችም ምርጫዋ ነውና አክብሯት።

አላህ (ሱ.ወ) ሟቾቻችንን ይማርልን፤ ትዳሮቻችንን በፍትሕና በእዝነት ያጽናልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።