የድንጋይ ክብር ከወዴት ይመጣል?



የመሐንዲስ ሐሳብ ከድንጋይ ጋር ሲገናኝ በቅድሚያ የሚታየው መሠረትና ድልድይ ነው። ዛሬ ግን በኩንታል ሳይሆን በካራት፣ ይኸውም በግራም አንድ አምስተኛ ስለሚመዘነው ድንጋይ ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ።

ለከበረ ድንጋይ ዋጋ በተለምዶ የሚጠቀሱት መመዘኛዎች ሦስት ናቸው፤ ውበት፣ ጽናትና ብርቅነት። በ2000 ዓ.ም. በወሎ፣ በደላንታ ወረዳ፣ በወገልጤና አካባቢ የተገኘውን ኦፓል በእነዚህ ብንመዝነው ብዙ እንማራለን።

ውበቱን እንመልከት። ኦፓል ሲሊካና ውሃ ነው፤ ሲሊካ ደግሞ በየወንዙ አሸዋ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ኦፓልን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መርምረው፣ ጥቃቅን የሲሊካ ሉሎች በእኩል መጠንና በተስተካከለ ረድፍ ተደርድረው ብርሃንን ወደ ልዩ ልዩ ቀለማት እንደሚለያዩት አሳዩ። ረድፉ ከተዛባ የቀለሙ ጨዋታ ይጠፋል። ስለዚህ ክብሩ የመጣው ከቁሱ ሳይሆን ከአደራደሩ ነው ማለት ነው።

በጽናት በኩል ግን ኦፓል ደካማ ነው። በሞስ መለኪያ ጥንካሬው ከ5.5 እስከ 6.5 ሲሆን፣ በአቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ 7 ስለሆነ ይጭረዋል። ከዚህም በላይ ብዙው የወሎ ኦፓል ውሃ ይመጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ሲደርቅም ይመለሳል። ይኸው ጠባዩ ለአታላዮች በር ከፍቷል፤ በጭስ ማጥቆርና በቀለም መንከር ይቻላልና።

ብርቅነትም ብቻውን አይበቃም። ፈረንሳዊው ኦገስት ቬርኑይ በሠራተኛ እጅ የሚመረት ሩቢ የሚገኝበትን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1902 ይፋ ካደረገ በኋላ፣ የተፈጥሮው ሩቢ ዋጋውን ጠብቆ የኖረው መርማሪዎች ሁለቱን መለየት በመቻላቸው ነው። እንግዲህ አራተኛ መመዘኛ አለ፤ እርሱም በምርመራ የተደገፈ እምነት ነው።

ጉዳዩ እኛን የሚመለከተው ከዚህ ላይ ነው። የደላንታ ኦፓል በገደል አፋፍ በሚገኝ ስስ የእሳተ ገሞራ አለት ንብርብር ውስጥ ተቀብሯል። ቆፋሪዎቹ በዶማና በመዶሻ ወደ ጎን እየፈለፈሉ ይገባሉ፤ በቂ ድጋፍ የሌለው ዋሻ ሲደረመስም ሕይወት ይጠፋል። ያገኙትን ሳይለዩና ሳይቀርጹ የሚሸጡ ሁሉ ዋጋውን ለገዢው ግምት ይተዋሉ፤ የመለየቱና የመቅረጹም ትርፍ የሌላ ይሆናል።

የዋሻ ድጋፍ ማስላት፣ የአለቱን ጠባይ ማጥናት፣ የመመርመሪያና የመቅረጫ መሣሪያ ማቋቋም ከሙያችን ውጭ አይደለም። የሚከብድ ምሥጢርም የለበትም፤ የሚሻው ጊዜና ፈቃድ ነው። ማኅበራችን ከአባላቱ ጥቂቶችን መርጦ ወደ ስፍራው ቢልክ፣ የመጀመሪያው ተግባር የዋሻዎቹን አደጋ መመዝገብ እንዲሆን አሳስባለሁ። የድንጋዩ ዋጋ በሚነገርበት ገበያ ሁሉ፣ ያወጣው ሰው ሕይወት በቅድሚያ ሊቈጠር ይገባልና።