ሆድ ሲብስ ለብቻ አለመቀመጥ



ዛሬ ስለ ሆድ መባስ ጥቂት ልናገር። ሰው አዝመራው ሲበላሽበት፣ በሬው ሲሞትበት ወይም ልጁ ርቆ ሲሄድበት ጋቢውን ተከናንቦ መተኛት ይወዳል። ጎረቤትም «ተዉት፣ ይረፍበት» ይላል። አንድ ሁለት ቀን ከሆነስ ይሁን፤ ከዚያ ካለፈ ግን ዝም ብሎ መተው ደግ አይደለም።

በአካባቢው አዝማሪ ሲመጣ ያን የከፋውን ሰው ከነቤተሰቡ ይዛችሁት ውጡ። ሬዲዮም እኮ ይዘፍናል ትሉኝ ይሆናል። ሬዲዮ የሚያዳምጠውን ሰው አያየውም። አዝማሪ ግን የእያንዳንዱን ፊት እያየ ነው የሚጫወተው። ማሲንቆው ያለው አንድ ክር ብቻ ነው፤ እሱም ከፈረስ ጭራ የተሠራ ነው። በዚያች ክር ያስቃል፣ ያስለቅሳል። ደግሞም አድማጩ ራሱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይለዋል። የልቡን መናገር ያቃተው ሰው በሌላ አፍ ሲሰማው ቀለል ይለዋል። (አንዳንድ ሰው አዝማሪን ይንቃል፤ ሰርግ ሲደግስ ግን ቀድሞ የሚያስጠራው እሱኑ ነው።)

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። አክስቴ ልጇ ለሥራ ከአገር ከወጣ በኋላ ቡና እንኳ ለብቻዋ ነበር የምትጠጣው። የዘመድ ሰርግ ሲመጣም «አልሄድም» አለች። እናቴ እጇን ይዛ ወሰደቻት። እዚያ አጎቴ ስለ ልጁ ግጥም ሰጠ፤ አዝማሪው ስሙን እየጠራ አወደሰላት። አለቀሰች። ቆይታ ደግሞ አዝማሪው አጎቴን በራሰ በራነቱ ሲነካው ከሁላችን በላይ ሳቀች፤ ከመሐረቧ ፈትታም ሸለመችው። ልጇ አሁንም አልተመለሰም። ቡናውን ግን ጎረቤት ትጠራበታለች።

ሐዘኑ ገና ትኩስ የሆነውን ሰው ወደ ዘፈን አትጎትቱት፤ ለእሱ ለቅሶ ደራሽና ዕድር አለው። እህልና እንቅልፍ ለሳምንታት የከለከለውንም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ለብቻው ጠጅ ቤት መግባትም ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ከቤተሰብ ይለያል እንጂ አያገናኝም።

አዲስ አበባ መሄድ ለሚመቸው ቴአትር አለ። የሀገር ፍቅር ማኅበር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር ቤትም የተከፈተው በ1948 ዓ.ም. ነው። ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። ሲመለሱ የተዋናዩን አነጋገር እየቀዱ መንገዱን ሁሉ ያስቋችኋል።