«ባትሪ» ስለሚባለው የልብ መሣሪያ

«ሐኪሙ ልብሽ ላይ ባትሪ ይገባልሻል አለኝ። የመሞቻዬ ቀን ሲደርስ ነፍሴ አልወጣ ትል ይሆን?» ብለው የሚጠይቁኝ እናቶች ጥቂት አይደሉም። ጥያቄው ያስቃል፤ ግን ተገቢ ነው። መልሱ «አይ» ነው። ባትሪ የምንለው ፔስሜከር ደም አይረጭም፤ የሚረጨው የልብ ጡንቻው ራሱ ነው። መሣሪያው የሚልከው «አሁን ምታ» የምትል ትንሽ የኤሌክትሪክ ምልክት ብቻ ነው። ጡንቻው ከሞተ ትእዛዙን የሚሰማ የለም።

ይህ መሣሪያ ከከተማችን ከቶሮንቶ ጋር የቆየ ዝምድና አለው። ኮሌጅ ስትሪት ላይ ባለው ባንቲንግ ኢንስቲትዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1949 ዶክተር ዊልፍሬድ ቢገሎው የውሻ ሰውነት አቀዝቅዘው ልብን ለመቅደድ ሲሞክሩ ልቡ ቀጥ አለ። በያዙት መሣሪያ ጫፍ ነካ ቢያደርጉት ኩምትር ብሎ መታ። ደግመው ነኩት፤ ደግሞ መታ። መሐንዲሱ ጃክ ሆፕስ ያንን መነካካት በኤሌክትሪክ ተካው። በ1950 የሠራው ሣጥን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው፤ የሚሠራውም ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ነው። መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለእኛ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም!

ፔስሜከር ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አካል ውስጥ የተቀበረው በ1958 ስቶክሆልም ውስጥ ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ቢበላሽም፣ ታካሚው አርነ ላርሾን ከ20 በላይ እየቀያየረ እስከ 2001 ኖሯል። ሆፕስም በ1984 ለራሱ አስገብቷል።

ዛሬ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ከትከሻ ዝቅ ብሎ ከቆዳ ሥር ይቀመጣል፤ ሽቦው በደም ሥር አልፎ ልብ ይደርሳል። ልብ በራሱ ሲመታ ዝም ይላል፣ ሲዘገይ ይቀሰቅሳል። በአደገኛ የምት መዛባት ጊዜ የሚነዝረው ዲፊብሪሌተርና ደም የሚገፋው ፓምፕ ግን ሌሎች መሣሪያዎች ናቸው።

ካስገባችሁ በኋላ መሣሪያው ባለበት ወገን ያለውን ክንድ ለጥቂት ሳምንታት ከትከሻ በላይ አታንሱ፤ ሽቦው ከቦታው ሊነቀል ይችላል። መሬት ተደግፎ መስገዱም ሐኪማችሁ እስኪፈቅድ ይቆይ። ጸበልም ቢሆን ቁስሉ ሳይደርቅ አይንካው። ስልክ በደረት ኪስ አትያዙ። የመሣሪያውን ካርድ ፒርሰንም ሆነ ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ ለፈታሾቹ አሳዩ።

ባትሪው እንደ ስልክ ቻርጅ በድንገት አያልቅም፤ ብዙ ዓመት ያገለግላል፣ መድከሙም በክትትል ቀጠሮ ላይ ከወራት በፊት ይታያል። ያኔ የሚቀየረው ባትሪውን የያዘው ሙሉው ቆርቆሮ ነው። ሽቦው ደህና ከሆነ እዚያው ይቀራል።