ድድ ሲደማ ካፕሱል ብቻውን አያድንም

(በካምፓችን ትምህርት ቤት ለወላጆችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር)



በዚህ ፀሐይ ሥራችሁንና የውሃ ወረፋችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከሁሉ አስቀድሜ ላመሰግናችሁ እወዳለሁ። እኔ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የምናገረው የጤና ባለሙያዎች የሚያስተምሩትንና ሁላችንም በየሠፈራችን የምናየውን ነው። ርዕሴ የድድ በሽታና መድኃኒቱ ነው።

በመካከላችን አንድ የተለመደ ነገር አለ። የአንድ ሰው ድድ ሲያብጥ ወይም ሲደማ ገበያ ይሄድና ሁለት ሦስት ካፕሱል ይገዛል። ቀለሙን እንጂ ስሙን አያውቀውም። አንዱን ይውጣል፣ ሌላውን ከፍቶ ዱቄቱን ድዱ ላይ ይነሰንሳል። ገንዘቡ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከራሽኑ ላይ ዱቄት ወይም ዘይት ተሸጦ ነው። ሕመሙ ለጥቂት ቀናት ጋብ ይላል፤ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። «ካፕሱሉ ደካማ ነበር» ይባልና ሌላ ይገዛል። በሽታው ለምን እንደሚመለስ ብናውቅ ግን ይህ ሁሉ ወጪና ሥቃይ ይቀርልናል።

ጥርስና ድድ በሚገናኙበት ቦታ ላይ በየቀኑ ስስ፣ የሚያሙለጨልጭ ቆሻሻ ይለጠፋል። ይህ የምግብ ትራፊ ብቻ አይደለም። እርስ በርሳቸው ተጣብቀው የሚኖሩ እጅግ ብዙ ተሕዋስያን አሉበት። ካልተፋቀ በምራቅ ውስጥ ባለው ማዕድን እየጠነከረ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሲነኩት ይደማል። በዚህ ደረጃ ላይ ያለ በሽታ ፈጽሞ ሊድን ይችላል። ችላ ከተባለ ግን ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ መግል ይቋጥራል፤ ጥርሱን የያዘው አጥንት ይበላል፤ በመጨረሻም ጥርሱ ይነቃነቃል። የተበላውን አጥንት ክኒን አይመልሰውም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ ከ1 ቢሊዮን በላይ ሰዎች ከባድ የድድ በሽታ አለባቸው። ስለዚህ የስደተኛ በሽታ ብቻ አይደለም፤ የሚያሳፍርም አይደለም።

ካፕሱሉ ለምን አያድንም? ተሕዋስያኑ በተለጠፈው ቆሻሻ ውስጥ ተሸሽገው ስለሚኖሩ መድኃኒቱ ዘልቆ አይደርስባቸውም። እናቶች እንደምታውቁት፣ ያረረ ድስት ሳይፋቅ በሳሙና ውሃ ብቻ አይጸዳም። የድድም ነገር እንዲሁ ነው። ዋናው ሕክምና ድንጋዩን ባለሙያ በመሣሪያ እንዲያነሳው ማድረግና በየቀኑ ማጽዳት ነው። መድኃኒቱ ረዳት ነው፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አያስፈልግም።

የግድ የሚያስፈልግበት ጊዜ ግን አለ። ድዱ በድንገት ቆስሎ፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ሥጋ ግራጫ ሆኖ፣ አፍ በጣም ሲሸትና ትኩሳት ሲኖር፣ ወይም ፊት ሲያብጥ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ለእንዲህ ዓይነቱ የድድ ቁስል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሜትሮኒዳዞል ነው፤ ይህን የሚወስድ ሰው ጠላም አረቄም መቅመስ የለበትም። በተለይ ከኩፍኝ የተነሣ ወይም በምግብ እጥረት የተጎዳ ሕፃን ድዱ ቆስሎ ብታዩ አንድ ቀን እንኳ አትቆዩ። ኖማ የሚባለው ጉንጭን የሚበላ በሽታ የሚጀምረው በዚህ መንገድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ትኩረት ካልተሰጣቸው በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ጨምሮታል። ካልታከመ አብዛኞቹን ሕፃናት ይገድላል፤ በጊዜ ከተደረሰበት ግን በተለመዱት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች፣ አፍን በማጽዳትና በተመጣጠነ ምግብ ሊገታ ይችላል።

ስለ ቴትራሳይክሊን ደግሞ ሁለት ነገር አስታውሱ። ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትውሰደው፤ ከ8 ዓመት በታች ለሆነ ልጅም አትስጡት። እያደጉ ያሉ ጥርሶችን ለዘለዓለም ያበልዛል።

ጤና ጣቢያው ለአንድ ሰው የሰጠውን መድኃኒት ለሦስት ቤት ማካፈል ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሦስቱንም አያድንም። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መጠኑ ያነሰ መድኃኒት ተሕዋስያንን ከመግደል ይልቅ መድኃኒቱን መቋቋም እንደሚያስተምራቸው አስጠንቅቆ ነበር። ዛሬ ለድድ ብለን ያባከንነው መድኃኒት ነገ የልጃችንን የሳንባ ምች ሳያድን ሊቀር ይችላል።

ታዲያ በእጃችን ምን አለ? አንደኛ፣ መፋቂያ። የወይራም ሆነ አረቦች ሚስዋክ የሚሉት እንጨት፣ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲለሰልስ በደንብ ያጸዳል። የፊት ጥርስ ብቻ ሳይሆን የኋላውን፣ የውስጡንና የድዱን ጠርዝ በዝግታ እንፋቅ። ድዱ ይደማል ብላችሁ አታቁሙ፤ የሚደማው ስላልጸዳ ነው። ሁለተኛ፣ ጨው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ በጥብጦ መጉመጥመጥ ያበጠ ድድን ያስታግሳል። ሦስተኛ፣ ባለሙያ ካዘዘው ክሎርሄክሲዲን የተባለው የአፍ ማጠቢያ ለጥቂት ሳምንታት ይረዳል። አይዋጥም፤ ለረጅም ጊዜ ከተጠቀሙበት ጥርስን ያጠቁራል፤ ድንጋዩንም አያነሳም። ሲጋራ የሚያጨስ ወንድማችን ደግሞ ድዱ ቶሎ አይድንም። የስኳር ሕመም ያለበትም ስኳሩን ካልተቆጣጠረ ድዱ ይብስበታል።

በመጨረሻ፣ ከቆሻሻ ያልመጣ የድድ መድማትም አለ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሶማሊያና በሱዳን ካምፖች በነበሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ስከርቪ የተባለ በሽታ ታይቶ ነበር። ምክንያቱ ራሽኑ ቫይታሚን ሲ ስላልነበረው ነው። ድድ ያብጣል፣ ይደማል፣ እግርና ጉልበት ያማል፤ ሰውየው መራመድ ያቅተዋል። ይህን በሽታ የትኛውም ካፕሱል አያድነውም፤ ቫይታሚን ሲ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ለውጥ ያሳያል። ስለዚህ ድዱ እየደማ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ ሁለቱንም ለጤና ሠራተኛው ይንገር። ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ሎሚና ብዙ ያልበሰለ ጎመን ይጠቅማሉ። እነዚህ ካልተገኙ ምስር ወይም ባቄላ ዘፍዝፎ፣ ሁለት ሦስት ቀን አብቅሎ፣ ለአጭር ጊዜ ቀቅሎ መብላት ነው። በበቀለ እህል ውስጥ ይህ ቫይታሚን ይፈጠራል።

ወገኖቼ፣ ለካፕሱል ብላችሁ የምትሸጡት ዘይትና ዱቄት ለልጆቻችሁ ይቅር። በገበያው ፈንታ የጥርስ ባለሙያ ወደ ጤና ጣቢያው የሚመጣበትን ቀን ጠይቁ፤ ለጎረቤቶቻችሁም ንገሩ። መፋቂያ በሌለበት ቤት መድኃኒት ብቻ ቢገባ በሽታው ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም።