ቁጠባ ማለት ምን ማለት ነው?
(በሠፈራችን ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



«ቁጠባ» የሚለው ቃል «ቆጠበ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። «ከክፉ ነገር ተቆጠብ» ስንል «ራስህን ያዝ» ማለታችን አይደል? የገንዘቡም እንደዚሁ ነው፤ ከማውጣት በፊት እጅን መያዝ። ብዙዎቻችን ግን «ከተረፈኝ እቆጥባለሁ» እንላለን። የተረፈማ ትርፍራፊ ነው እንጂ ቁጠባ አይደለም!

የሽሮሜዳን ሸማኔ እንመልከት። በበዓል ሰሞን ገበያው ይደራል፤ በዓሉ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል። በደራው ሳምንት እጁን ያልያዘ፣ በቀዘቀዘው ወር የድርና የማግ መግዣ አጥቶ ብድር ይገባል።

ቁጠባ ስስትም አይደለም። ከልጅ አፍ ነጥቆ ማስቀመጥ ንፉግነት ነው።

ስለዚህ ገንዘብ እጃችን በገባ ዕለት፣ ጥቂትም ብትሆን፣ ለዕቁብ ወይም ለባንክ አስቀድመን እናንሳ፤ በቀረው እንደር።