በረዶ የለበሰ ተራራ በአምባሰል ሰው ዓይን



ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በ1895 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ ሄዶ ኮልሶስ የተባለውን በረዶ የለበሰ ተራራ ደጋግሞ ሥሎታል። ከሥዕሎቹ አንዱን የሐይቅ ገበሬ ቢያይ ምን ይሰማው ይሆን? በአማርኛ «በረዶ» ቡቃያ የሚያደቅቀውም ጠጠር ነውና፣ ነጩ ቀለም ሥጋት ቢያሳድርበት አያስደንቅም። በጥላው ላይ ያለው ሰማያዊ ግን ያጽናናዋል፤ ከሩቅ የሚታዩት የአምባሰል ተራሮችም ሰማያዊ ናቸውና።

የሁለቱም ምክንያት አንድ ነው፤ አየር ከፀሐይ ብርሃን ሰማያዊውን ይበልጥ ይበትናል። የተበተነው ብርሃን በዚያ በበረዶው ጥላ ላይ ያርፋል፤ በዚህ በዓይንና በተራራው መካከል ይጋረዳል። ለበረዶ አገር ሰው ብርድ የሆነው ቀለም ለአምባሰል ሰው ርቀትና ናፍቆት ነው።

እንግዲህ የብርሃኑን መንገድ ፊዚክስ ያስረዳል፤ ስሜቱን ግን ተመልካቹ ከአገሩ ይዞት ይመጣል። ሥዕል ተርጓሚም ስለ ቀለሙ ከመፍረዱ በፊት፣ ተመልካቹ የትኛውን ተራራ እያየ እንዳደገ ሊጠይቅ ይገባዋል።